ያበጠችው ኤች

ሚስተር ጋሮድ ብሩሻቸውን ከሰሌዳው ላይ አነሱና "እምቢ አለችኝ" አሉ።

ሄስተር ላፕቶፗ ላይ እንዳቀረቀረች "ማን?" አለች።

"ያንቺ ፊደል፣ ኤች ናታ።"

ሚስተር ጋሮድ በእንግሊዟ ኖሪች ከተማ አርባ ዓመት የሱቅና የመጠጥ ቤት ሰሌዳ ሲጽፉ ኖረዋል። ሄስተር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ጥንታዊ የጸሎት መጽሐፍ ላይ፣ ጥቁር ፊደል የሚባለውን ወፍራምና ማዕዘናም የእንግሊዝኛ ፊደል ለኮምፒውተር ስትገለብጥ ከርማለች። የከተማው ቢራ ጠማቂ ፊደሉን ለጠርሙሶቹ ጽሑፍ ሊገዛ ነው፤ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ነው። እስከ እኩለ ቀን ካልላከችለት ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ከመላኳ በፊት ሚስተር ጋሮድ ፊደሎቹን በብሩሽ እየሞከሩላት ነው።

"ምን ሆነች?"

"እግሯ ላይ ያለችው እብጠት። ጠፍጣፋ ብሩሽ እንዲህ አይዞርም፣ ብዕርም አይዞርም። ንብ ነድፏት ነው?"

"መጽሐፉ ላይም እንደዚያው ናት። መስመር በመስመር ነው የተከተልኩት።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

ገጹን አጉልታ አሳየቻቸው። እብጠቷ አለች።

"ሌላ ኤች አምጪ።"

በሁለተኛዋ ላይ እብጠቱ በግራ በኩል ነው። በሦስተኛዋ ጭራሽ የለም። ሄስተር ፊቷ ጋለ። መጽሐፉ የታተመ ነው፤ ማተሚያው ሲጫነው ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ተንሰራፍቷል። እሷም ዓመቱን ሙሉ የፈሰሰ ቀለም በጥንቃቄ ስትስል ከርማለች።

"ጠርሙስ ላይ እኮ ጥፍር አታክልም። ማን ያያታል?" አለች።

"ማንም አያያትም። ሰው ቢራውን ጠጥቶ ይሄዳል።" ኤቿን በጨርቅ ጠረጓት። "ጻፍ ካልሽኝ እጽፋታለሁ።"

ለእኩለ ቀን ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ሄስተር የተጠረገውን ቦታ ትንሽ አየችው።

"ትክክለኛዋ በስንት የብሩሽ ምት ትወጣለች?"

"በአራት።"

"ብሩሹን ይስጡኝ።"

"እንደ መጥረጊያ አትያዢው። ክንድሽን እንጂ ጣትሽን አታንቀሳቅሺ።"

የመጀመሪያዋ ተንጋደደች፣ ጠረገቻት። ሁለተኛዋንም ጠረገቻት። ሦስተኛዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እግሯ ሹል፣ ትከሻዋ ስል።

ሚስተር ጋሮድ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። "ይቺስ ትራመዳለች" አሉ።

ሄስተር ኤቿን ፎቶ አነሳችና ለጠማቂው ጻፈች፦ "የሠራሁት ፊደል ስህተት አለበት፤ ዛሬ አልልክም። በሦስት ሳምንት ሁሉንም እንደዚህች አድርጌ አደርሳለሁ።" አንዴ አነበበችውና ላከችው።

ስልኳ ወዲያው ጮኸ። ሳታየው ገልብጣ አስቀመጠችውና ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረች።

"አሁን ደግሞ ኢ" አለች። "በስንት ምት ነው?"