ያልታመመ ሰው ተራ

እንዳለው የጤና መድን ደብተሩን በሆስፒታሉ መስኮት አሾልኮ ገፋና፣ "ዘንድሮ ተራዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ" አለ።

ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው የመድን ሠራተኛ ምስራቅ ደብተሩን ገልጣ አየች። የእንዳለው፣ የሚስቱ የአየሁሽና የአምስት ልጆቹ ፎቶ ተለጥፏል፤ የሦስት ዓመት መዋጮም ተከፍሏል። አንገቷን አስግጋ ወደ ግቢው ተመለከተች። ፈንታነሽ ከግራሩ ሥር ቀኝ እግሯን በነጠላ ጠቅልላ ተቀምጣለች። የባሕር ዛፍ ጉቶ ከወጋት ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ እብጠቱ ጉልበቷን አልፏል። ሐኪሙ ዛሬውኑ ተኝታ ካልታከመች እግሯን ልታጣ እንደምትችል ተናግሮ የአሥር ቀን አልጋና መርፌ ጽፎላታል። ከገጠር ቢቸና ድረስ ያመጣቻት የእንዳለው በቅሎ አጠገቧ ታስራለች። ጠዋት በር ላይ አንድ የሞጣ ነጋዴ የበቅሎዋን ዋጋ ቢጠይቀው፣ "ልጅህን ሽጥልኝ አትለኝም?" ብሎ ስቆበት ነበር የገባው።

"ምንዎ ናቸው?" አለች ምስራቅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ።"

ከኋላው የተሰለፈ ጎልማሳ ከንፈሩን መጠጠ። "አይ አያ፣ ሚስቴ ናት ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር? ፎቶው እንደሆነ የሁሉም ሴት ነጠላ አንድ ነው።"

ሰልፈኛው ሳቀ። ምስራቅ አልሳቀችም። ጎረቤቴ ናት ማለቱን አሁን ሁሉም ሰምቷል፤ እንዳለው ቃሉን ልመልስ ቢልም የሚመለስ አልነበረም።

ደብተሩ የሚያገለግለው ስማቸው ለሰፈረ ቤተሰቦች ብቻ መሆኑን አስረዳችው። ፈንታነሽ የራሷ ደብተር ያስፈልጋታል፤ ምዝገባው ደግሞ ጥር ካልገባ አይከፈትም፤ አሁን ገና ኅዳር ነው። እንዳለው ሁሉንም ሰማ፤ አንዱም አልገባው አለ። በመንደራቸው ወንፈል ሲወጡ፣ የሰው እህል ሲያጭድ የከረመ ሰው ተራው ሲደርስ ቀኑን ለፈለገው ይሰጣል። አምና የእሱን የአጨዳ ቀን ለፈንታነሽ ሲያስተላልፍላት ሃያ ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ማሳዋ ወረደ እንጂ ፎቶዋ የታለ ያለ አልነበረም።

"ልጄ፣ ሰብስባችሁ ስትመዘግቡን ምን ነበር ያላችሁን? ያልታመመው ለታመመው ይከፍላል አላችሁ። እኔ አልታመምኩም። እሷ ታማለች። ታዲያ የጎደለው ምኑ ነው?"

"አባል ለሆነ ታማሚ ነው፣ ጋሼ።"

"የሦስት ዓመቱ መዋጮዬስ የት ገባ?"

"ሌሎች ታክመውበታል።"

"እነማን?"

"እርስዎ የማያውቋቸው።"

እንዳለው ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። "የማላውቀውን ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሳክም የከለከለኝ የለም። የማውቃትን ላሳክም ስል ነው ደንብ የመጣው?"

 ምስራቅ ደብተሩን ዘግታ፣ በሁለት እጇ ይዛ መለሰችለት።

ለምስራቅ ያልነገራት ነገር ነበር። ባለፈው ጥር ፈንታነሽ ልመዝገብ ወይ ብላ አማክራው ነበር። ሰባት ነፍስ ካለበት ቤትና ብቻዋን ከምትኖር ሴት እኩል መዋጮ መጠየቁ አናደደውና፣ "ይቅርብሽ፤ ብትታመሚ የእኔ ደብተር አለልሽ" አላት። እሷም ቃሉን ይዛ ቀረች።

ከሰልፉ ወጣ። የተሳሳተው ደንቡ ይሁን፣ ሰብስበው የመዘገቧቸው ሰዎች ይሁኑ፣ እሱ ራሱ ይሁን መለየት አቃተው። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ሐኪሙም ክፉ አይደለም። ሽጦ እንዳይከፍልላት ጤፉ ገና አልተወቃም፤ እብጠቱ ደግሞ ጥርን አይጠብቅም።

ፈንታነሽ ሲመጣ አይታ ቀና አለች። "እሺ አሉህ፣ አያ?"

ደብተሩን ወደ ኮቱ ኪስ ከተተ። "እሺ ብለዋል።"

"እኔማ ፈርቼ ነበር። ሰው ሁሉ ራስሽ ካልተመዘገብሽ አይሆንም ሲለኝ።"

"ሰው ምን ያውቃል።"

"ለጎረቤቶቻችን ለእነ ወይንእሸትም እነግራቸዋለሁ። መክፈል አቅቷቸው የቀሩ ስንት አሉ።"

"መጀመሪያ አንቺ ዳኚ" አላት። ደግፎ አስነሣትና እያነከሰች ወደ መኝታ ክፍሎቹ ወሰዳት፤ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጣት። ሊሄድ ሲል ጠራችው።

"በቅሎዋ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም። እኔን ተሸክማ ስትደክም ነው የዋለችው።"

"አጠጣታለሁ።"

የበቅሎዋን ገመድ ፈትቶ እየሳበ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። የሚስቱ የአየሁሽ ፊት መጣበት፤ ምን እንደሚላት አላወቀም። የበሩን ጥበቃ አካለ ወልድን፣ "ያ የጠዋቱ ነጋዴ ወዴት ሄደ?" ሲል ጠየቀው። አካለ ወልድ እሱንም በቅሎዋንም አየና፣ በስተግራ ወዳለው የከብት ገበያ በአገጩ አመለከተው።

እንዳለው በቅድሚያ በስተቀኝ ወዳለው የውኃ ገንዳ ሄደ። በቅሎዋ ከገንዳው ጠጥታ ራሷ ቀና እስክትል ድረስ ጠበቃት። ከዚያ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ወደ ግራ ዞረ።