ፊት የተሳለላት አሻንጉሊት

በገንዳ ውሃ ከተማ አሻንጉሊት ለማየት የሚሮጥ ሰው አለ ቢሏት፣ ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው ሙባረካ ነበረች። ዛሬ ግን ገና በጠዋቱ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ በር የምትደበድበው እሷው ናት።

«ቲቸር እሌኒ! ይክፈቱልኝ!»

«ምነው፣ እሳት ተነሣ?» አለች መምህርቷ በሩን ከፍታ።

«ከእሳት የባሰ ነው። እናቴ እየመጣች ነው!»

ቁርስ ላይ እናቷ ዘሊካ «ዛሬ ሱቁን ዘግቼ የአሻንጉሊት ኤግዚቢሽናችሁን አያለሁ» ስትል፣ ሙባረካን ዳቦው ትን አላት። ከጎንደር በካርቶን ተጭነው ከመጡት የፋሽን አሻንጉሊቶች ጎን፣ «የእኛ አካባቢ» በተባለው ጠረጴዛ ላይ፣ የሟች እህቷ የሩፊዳ አሻንጉሊት ተቀምጣለች። ከእናቷ ሳጥን ሳታስፈቅድ ያወጣቻት ሙባረካ ናት። ሩፊዳ በካላዛር በሽታ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ዘሊካም ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን ጠርታ አታውቅም። እናቷ ከመድረሷ በፊት አሻንጉሊቷን ወደ ሳጥኑ መመለስ አለባት።

ወገበ ቀጫጭኖቹን የፋሽን አሻንጉሊቶች እያለፈች ሄደች። በአያቶች ዘመን ልብስ ከመቀያየር ሌላ ሥራ ያልነበራት፣ ኋላ ሐኪም የሆነችው፣ ከዚያም ወደ ጠፈር የሄደችው፣ ሁሉም ተራ በተራ ቆመዋል። በመክፈቻው ዕለት ሙባረካ «ይህን ሁሉ ሥራ ቀያይራ አንድ ቀን ሰሊጥ አላጨደችም!» ብላ ክፍሉን አስቃ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጠረጴዛ የሚያዩ መሰላት።

የሩፊዳ አሻንጉሊት ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የተገዛች ናት። ቤት በገባች ዕለት አያታቸው እማማ ሐዋ ዓይንና አፏን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው አጠፉት። ፊት ያለው ምስል ካለበት ቤት መልአክ አይገባም ይላሉ፤ በሰፈራቸው ብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ሩፊዳ አልከፋትም። እናቷ ከራስ እስከ እግር ከምትጠቀለልበት ቶብ ቁራጭ ቀሚስ ሰፍታላት፣ «ፊት ሲያስፈልጋት የእኔን አውሳታለሁ» ትል ነበር።

አሁን አሻንጉሊቷ ፊት አላት። ሊገጥም ትንሽ የቀረው ቅንድብ፣ ከግራው አነስ ያለ ቀኝ ዓይን፣ ሊስቅ ያለ ከንፈር።

የሩፊዳ ፊት ነው።

«ማን ነው የሳላት?»

«ደምለው ነው፣ ሥዕል የሚሞክረው አዲሱ ተማሪ። ሰው ሁሉ ተበላሽታለች ሲል አሳዘነችኝና አድሳት አልኩት። አላማረችም?»

«እህቴን ያውቃታል?»

«ከየት ያውቃታል? ከደብረ ማርቆስ የመጣው መስከረም ላይ ነው።»

ሩፊዳ ደግሞ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ሙባረካ የሻርፗን ጫፍ በምራቋ አርሳ የአሻንጉሊቷን ጉንጭ ፈተገችው። ቀለሙ አልለቀቀም፤ ጉንጩ ግን ይሞቃል። የቆላው ሙቀት ነው አለች ለራሷ። ሐኪሟን አሻንጉሊት ነካቻት፤ እሷ ቀዝቃዛ ናት።

«ቲቸር፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አለዎት?»

እሌኒ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ሙባረካ ጨርቁን ነክራ ወደ ዓይኑ ስታስጠጋ፣

«ተይ!» አለ ከኋላዋ ድምፅ።

ዘሊካ ናት። ቶቧ ከራሷ ወርዷል፤ አላነሣችውም።

«እማ፣ አሁን አጠፋዋለሁ! እማማ ሐዋ ሳያዩት...»

«እጅሽን አንሺ! ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷ እየጠፋብኝ... የትኛው ዓይኗ ነበር የሚያንሰው እያልኩ ስባክን የምውል እኔ ነኝ። ቀኙ ነው። ይኸው፣ ቀኙ ነው።»

አሻንጉሊቷን በቶቧ ጠቅልላ ባጃጅ አስቆመች። ቁጣ ቢሆን ሙባረካ ትችለው ነበር፤ እናቷ ግን መንገዱን ሁሉ ፈገግ እንዳለች ነው።

እማማ ሐዋ በር ላይ ጠበቋቸው፤ ከቶቡ መሃል ብቅ ያለውን ፊትም አዩ። «አጥፊውና ግቢ፣ ልጄ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ እማ። አላጠፋም።»

«መልአክ አይገባልሽም!»

«ይቅርብኛ። ልጄ ግን ትግባ።»

አሮጊቷ መስገጃቸውን አንሥተው ወደ ግቢው የኒም ዛፍ ጥላ ወጡ። ሙባረካ የበሩ ደፍ ላይ ቀረች። ከመጋረጃው ወዲያ እናቷ «ሩፊዳ» ስትል ሰማች። ቀጥሎ ዝምታ፣ ቀጥሎ ወሬ እንደተነገረው ሰው ሳቅ፣ ከዚያም «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ማን አለ ከእሷ ጋር?» አሉ እማማ ሐዋ ከጥላው።

«ማንም የለም» አለች ሙባረካ።

«ታዲያ ለማን ነው አልጋው ላይ ጠጋ የምትለው?»

በመጋረጃው ሥር የእናቷ እግሮች ወደ ዳር ሲሸሹ ሙባረካም አይታለች።

«ሙባረካ!» አለች ዘሊካ ከውስጥ፣ ድምፅዋ እንደ ድሮው ቀሎ። «ሻይ አምጪልን፣ ሁለት ብርጭቆ።»

ሙባረካ ሁለት ብርጭቆ ቀዳች። ማንም ሳይነግራት በአንደኛው ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች። ሩፊዳ እንደዚያ ካልሆነ አትጠጣም።