ለጋሽ ገብረ መድኅን የተከለከለው ፎልደር

ጋሽ ገብረ መድኅን ሽንት ቤቱን ያዛወሩት በቅን ልቦና ነው።

ልጃቸው ሚካል የሰው ቤት ፕላን የምትሠራው ጎፋ ካለው ኮንዶሚኒየማቸው ሳሎን ውስጥ፣ አባትና ልጅ በሚጋሩት ኮምፒውተር ላይ ነው። እሳቸውም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በእርሳስና በማስመሪያ ፕላን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ከጀርባዋ ቆመው እያዩ የማውሱን አያያዝ ለምደዋል። አንድ ቀን እሷ ገበያ ስትወጣ ሳትዘጋው የሄደችውን ፕላን አዩት። ሽንት ቤቱ ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ነው።

«ይሄማ ነውር ነው!» አሉና አንስተው ደረጃው ስር ወዳለው ጓዳ አዛወሩት። ሴቭም አደረጉ።

ሚካል ነገሩን ሳታይ ፕሪንት አድርጋ፣ ለቡ ላይ ቤቱን ለሚያሠሩት ለአቶ ኮርሳ ወሰደችላቸው። አቶ ኮርሳ ወረቀቱን አዙረው አዙረው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚህ ሽንት ቤት ለመግባት በደረጃው ስር በዳዴ ልሂድ ነው?» አሏት።

ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሽንት ቤቱን ወደ ቦታው መለሰችና ፕላኖቿ ያሉበትን ፎልደር ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ዘጋችው።

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የራስህ አካውንት አለህ።»

«እሰይ! ተሾምኩ ማለት ነው?»

«ተገደብክ ማለት ነው። ዜና ታያለህ፣ መዝሙር ትሰማለህ፣ ትጽፋለህ። አዲስ ፕሮግራም መጫን ግን የለም። የኔን የሥራ ፎልደርም አትከፍትም። አድሚኗ እኔ ነኝ።»

«አድሚን ምንድነው?»

«አስተዳዳሪ።»

«ኮምፒውተሩን የገዛው ማነው?»

«አንተ።»

«ቤቱስ የማነው?»

«ያንተ።»

«እንግዲያው እኔ ምንድነኝ?»

«ተጠቃሚ» አለቻቸው ሚካል።

ተጠቃሚነቱ ለጋሽ ገብረ መድኅን አልተዋጠላቸውም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ገዲሴ ደረጃው ላይ አግኝተዋቸው «ደህና ነዎት?» ሲሏቸው፣ «አስተዳዳሪዋ ከፈቀደች ደህና ነኝ» ብለው ያልፋሉ። እራት ሲቀርብ ደግሞ እጃቸውን ታጥበው ይቀመጡና፣ «ሽሮውን መንካት ይፈቀድልኛል ወይስ ማየት ብቻ ነው?» ይላሉ።

«ለሽሮ ሙሉ ፈቃድ አለህ» ትላቸዋለች ሚካል፣ ሳቋን እየዋጠች።

ቅዳሜ ዕለት አቶ ኮርሳ የተስተካከለውን ፕላን ሊያዩ ራሳቸው ጎፋ ድረስ መጡ። ሚካል ሳምንቱን የግንባታ ቦታ ስትዞር ስለሰነበተች ፎልደሩን ከዘጋችው ወዲህ አልከፈተችውም። ለእንግዳው ወንበር ሳበችላቸው፣ በራሷ አካውንት ገባችና ፎልደሩን ነካችው።

«ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» አላት ኮምፒውተሩ።

ደግማ ነካችው። ያው ነው።

ጋሽ ገብረ መድኅን ከሶፋው ተነሥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሲያነቡ ፊታቸው በራ።

«ልጄ፣ ለምን አስተዳዳሪዋን አታነጋግሪያትም?»

«አባዬ፣ እባክህ!»

«ቢሮ የለችም እንዴ?»

አቶ ኮርሳ ነገሩ ባይገባቸውም ሳቁ። ሚካል ፊቷ ቀልቶ የፎልደሩን የፈቃድ ገጽ ከፈተች። ለካ ያን ቀን በንዴት ስትዘጋው «ሁሉም» በሚለው ስም ላይ «ክልክል» ብላለች። ሁሉም ሲባል ከእሷ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ መስሏት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን እሷንም ከሁሉም ቆጥሯታል። ክልክል ከተባለ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ የተሰጠ ፈቃድ አይሠራም። ደግነቱ የፎልደሩ ባለቤት እሷ ስለሆነች፣ ፈቃዱን መቀየር አልተከለከለችም። ክልከላውን አነሣችና ለራሷ ሙሉ ፈቃድ ሰጠች።

የአባቷ ስም ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ዞር ብላ አየቻቸው። ቀልዳቸውን ትተው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ሊከፈት ያለውን ፕላን በጉጉት ይጠብቃሉ። «ማንበብ» የሚለውን ፈቀደችላቸው።

«ታያለህ፤ አትነካም።»

«ስህተት ካየሁስ?»

«ትነግረኛለህ።»

«ብነግርሽ ትሰሚኛለሽ?»

«ደረጃ ስር ካላስገባኸኝ እሰማሃለሁ።»

አቶ ኮርሳ ፕላኑን ወደዱት። አንድ ነገር ብቻ ከበዳቸው፤ የሽንት ቤቱ በር ከምግብ ጠረጴዛው ዞር ቢል፣ ወደ ኮሪደሩ ቢከፈት ይሻላል አሉ። ጋሽ ገብረ መድኅን ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሚካልም ወደ እሳቸው ላለመዞር ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

እንግዳው እንደሄዱ ለአባቷ ሌላ ፎልደር ከፈተችላቸው።

«ይሄ ያንተ ነው። ፕላኑን ኮፒ አድርገህ እንደፈለግህ አፍርሰው፣ እንደፈለግህ ሥራው። ለደንበኛ መላክ ግን የለም።»

«አንቺ ልትከፍቺው ትችያለሽ?»

ሚካል ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «አድሚን ስለሆንኩ ብትዘጋብኝም ማስከፈት እችላለሁ።»

«ግዴለም፣ ክፈቺ። ብቻ መጀመሪያ አንኳኪ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አጎንብሰው የአቶ ኮርሳ ቤት ላይ ሁለተኛ ፎቅ ሲጨምሩ አገኘቻቸው። ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ማነው?» አሉ ዘወር ሳይሉ።

«አስተዳዳሪዋ ነኝ።»

«ትንሽ ይጠብቁ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

ሚካል ወንበር ስባ ከጎናቸው ተቀመጠችና መጠበቅ ጀመረች።