ማህተም ያለው ወረቀት

ኢምፔሪያል አጠገብ ያለው የትበርህ የቆዳ ቦርሳ ማምረቻ በሦስት ዓመት ከአራት ሠራተኛ ወደ ሠላሳ አራት አደገ። አሁን ግን ቆዳ ቆራጩ ሱሌማን ቅዳሜ ሊለቅ ነው። እሱ ከሌለ ትልቁ ትእዛዝ አይደርስም።

«ደመወዝ ጨመርኩለት! ሌላ ምን ላድርግ፣ ልንበርከክለት?» ብላ ጮኸች ትበርህ።

በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች የሠራተኛውን ጉዳይ የምትይዘው ራህማ አልደነገጠችም። «የቅጥር ደብዳቤ አለው?»

«ለምኑ? እኛ እኮ ቤተሰብ ነን!»

«ባለፈው ወር ሽማግሌ ልኮ ነበር፣ እትዬ። ሊያገባት ያሰባት ልጅ አባት፣ እሱ የት እንደሚሠራ ማስረጃ ቢጠይቁት የሚያሳያቸው አጣ። አዲሱ ቀጣሪ የሚከፍለው ያንሳል፤ ደብዳቤ ግን ይሰጣል።»

«ታዲያ ለኔ አይነግረኝም?»

«እርስዎ ሲቆጡ እንኳን እሱ ማሽኑም ይቆማል።»

ትበርህ ማህተሙን ከመሳቢያ አወጣች፤ «ለሁሉም ጻፊላቸው» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ራህማ ሠላሳ አራት ደብዳቤ አደለች። ሱሌማን «ዋና ቆራጭ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳርፎ ቀረ። የስፌት ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ ሁሉም የገዛ ስሙን እያነበበ ነበር። አንዷ ሰፊ ማህተሙን ስማ ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ትበርህ በሯ ላይ ቆማ አየቻቸው። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስባ፣ አንዱንም ሳታየው ኖራለች።

ሱሌማን ወደ እሷ መጣ። «እትዬ፣ ነገ ግማሽ ቀን ፈቃድ ይስጡኝ። ይህን የካ አባዶ ለሽማግሌዎቹ ላድርስ።»

«ሰኞስ?» አለች።

«ሰኞማ ትእዛዙ አለብን!»