ለሁለቱም አረንጓዴ

የመጀመሪያው ዱላ የሹፌሩ ትከሻ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን ሲያገኘው ሰውየው ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተላትሞ ተደፋ። ለቀስተኛው ከአግዳሚው ተነሥቶ ተተራመሰ።

«ወንድሜን ገድለህ ሣልስቱን ልትበላ መጣህ?» ኃይለኢየሱስ ዱላውን እንደገና አነሣ። የሟቹ የወልደተንሣኤ ታናሽ ወንድም ነው፤ መርዶው ደርሶት ከአንኮበር ከመጣ ወዲህ እህል አልቀመሰም።

ሹፌሩ ፍቃዱ በዋስ የተፈታው ያን ዕለት ጠዋት ነበር። አልሸሸም። ደሙ በአንገቱ እየወረደ ፊቱን ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሸዋወርቅ አዞረ።

«እትዬ፣ ለእኔም አረንጓዴ ነበር። በልጆቼ ይሁንብኝ፣ አረንጓዴ ነበር።»

«ውሸታም!» ኃይለኢየሱስ ጎኑን በእርግጫ አለው። «ወልደተንሣኤ ቀይ አይጥስም! አገር ያውቀዋል!»

እውነቱን ነው፣ አገር ያውቀዋል። ወልደተንሣኤ በደብረ ብርሃን ዐሥራ አንድ ዓመት ባጃጅ ሲነዳ አንድም ቀን ቀይ ጥሶ አያውቅም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ቀይ ጥሶ ነፍሰ ጡር ሊገጭ የነበረ የሚኒባስ ሹፌር ከመሪው ጎትቶ አውርዶ ጥርሱን በቡጢ አውልቆታል። ሦስት ቀን ታስሮ ሲወጣ ሸዋወርቅ፣ «ሕግ የሚከበረው በጡጫህ ነው እንዴ?» ብትለው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ጠቡ ሁሉ በወረቀት ሆነ። ለጎርፍ ማመልከቻ፣ ለተከፈተ ጉድጓድ ማመልከቻ።

ከመሞቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎም ለከተማው መንገድ ቢሮ አንድ ጻፈ። በመስቀለኛው መንገድ ያለው የትራፊክ መብራት አንዳንዴ ለሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ይበራል አለ። ሸዋወርቅ ተቆጣች። «ሥራህን ፈትተህ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት! አንተ ምን አገባህ?»

«አይቼ ዝም ካልኩ የሚሞተው ሰው ደም በእኔም እጅ ነው» አላት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከጣርማ በር በግ ጭኖ የመጣው የፍቃዱ አይሱዙ ባጃጁን ከጎኑ ገጭቶ እየገፋ ቦይ ውስጥ ከተተው። ሸዋወርቅ ከሱቋ ሮጣ ስትደርስ የተሰባበሩ በጎች አስፋልቱ ላይ ይንፈራገጡ ነበር፤ አንዱ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ይጮኻል። ሰዎች የባጃጁን ብረት በመጥረቢያ ይቆርጣሉ። ባሏን ሲያወጡት ደረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እሪ ብላ ቀና ስትል መብራቶቹን አየች፤ በሁለቱም አቅጣጫ አረንጓዴ። ዓይኗ ያየውን ግን ልቧ ያን ጊዜ አልያዘውም።

በማግሥቱ ጠዋት መብራቱ ተጠገነ። ይህንንም ጎረቤቷ እማዋይሽ በቀብሩ ዕለት በጆሮዋ ሹክ ብላታለች። «ቢሮው ‹ምንም ብልሽት አልነበረም› ብሎ ለፖሊስ ጽፏል አሉ። ሁሉንም በሹፌሩ ላይ ሊደፈድፉት ነው።» ሸዋወርቅ ግን ያኔ ሹፌሩ ቢሰቀልም ግድ አልነበራትም።

አሁን ዱላው ሲወርድ በመካከላቸው ገባች። ክንዷን አገኛት። አጥንቷ ሲጮኽ በድንኳኑ ያለው ሁሉ ሰማ።

«ሸዋዬ!» ኃይለኢየሱስ ደንግጦ ዱላውን ለቀቀ።

«አይቻለሁ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ለሁለቱም አረንጓዴ ነበር። ወንድምህም ይኸው ነው ብሎ ጽፏል። ግልባጩ ሣጥኑ ውስጥ አለ፣ ቢሮው ማኅተም መትቶበታል።»

«ለገደለው ሰው ልትመሰክሪ ነው?»

«እያወቁ የተዉትስ አልገደሉትም? እነሱን በምን ትመታቸዋለህ? በዱላ?»

ኃይለኢየሱስ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማዋይሽ የሹፌሩን ጆሮ በውኃ ታጥብ ጀመር።

በነጋታው ሸዋወርቅ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ ትራፊክ ፖሊስ ሄደች። ኃይለኢየሱስ እስከ በሩ ሸኛት፤ መግባት ግን አልሆነለትም። መርማሪዋ ሳጅን ምስራቅ ግልባጩን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቀኑም ማኅተሙም አለ። ከእንግዲህ አላወቅንም ማለት አይችሉም» አለች። «ሹፌሩ ጨርሶ ነፃ ይወጣል ማለቴ አይደለም፤ ፍጥነቱ ይጣራል። ብቻውን ግን አይጠየቅም። ቢሮውም መልስ ይሰጣል፣ ካሣም ሊከፍል ይችላል። እርስዎ ያዩትን ፍርድ ቤት ቀርበው ይናገራሉ?»

«እናገራለሁ።»

ሳጅኗ የምስክር ቃል መቀበያውን ቅጽ አወጣች። ስም ጻፈች፣ ዕድሜ ጻፈች።

«የጋብቻ ሁኔታ?»

«ባለትዳር።»

የሳጅኗ ብዕር አየር ላይ ቆመ። ሸዋወርቅ ደህነኛ እጇን ዘርግታ ሌባ ጣቷን ባዶው መስመር ላይ አሳረፈች፤ ሳጅኗ ያለችውን እስክትጽፍም አላነሣችም።