ያልተጣሉት ሰዎች እርቅ

የኔነሽ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ካናዳ ውስጥ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ሌላ ሠራተኛ ሲመጣባቸው «የኔነሽን ጥሩልኝ» ብለው የሚያኮርፉ አሉ፤ እጇ ለስላሳ ነው። ይህች ሴት ሰው ማሳመም ያስደስታታል ቢባል ማን ያምናል? ግን ያስደስታታል። ማንንም አይደለም፤ ወዶና ፈቅዶ የመጣን ጎልማሳ፣ «በቃ» ሲል እንደምታቆም አስቀድመው ተነጋግረው። ጨካኝ ሰው አይጠይቅም፤ እሷ ሳትጠይቅ አትጀምርም።

ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ለእጮኛዋ ለዘርይሁን። ዘርይሁን መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ስልኳን ማንሳት ተወ። ደግነቱ ለማንም አላወራም። ከዚያ ወዲህ የሆዷን በሆዷ ይዛ ኖረች። ብቸኝነት ሲባል ሰው ማጣት የሚመስላቸው አሉ። የኔነሽ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሁለት መቶ ሰው ትጨብጣለች፤ ከሁለት መቶው አንድም የሚያውቃት የለም።

በመጋቢት ኢንተርኔት ስታገላብጥ እንደ እሷ ያሉ ሰዎች በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብሉር ጎዳና ላይ ባለ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ እንደሚገናኙ አነበበች። ሦስት ወር አመነታች። በአራተኛው ሄደች፤ ያውም አንድ ጣቢያ ቀድማ ወርዳ በጓሮ መንገድ ዞራ፤ ብሉር ላይ ሀበሻ ከየሬስቶራንቱ ብቅ ይላልና። ጅራፍ የያዘ ሰው ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ግን ኬክ የሚበላ ሰው ነው። ሰብሳቢው ቶሚ የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ደንቡን አስረዳት። እዚህ ማንም ማንንም አይነካም፤ ማውራት ብቻ ነው። እውነተኛ ስም አይጠየቅም። «ውጭ ስትተያዩ ደግሞ ሰላም አትባባሉ» አላት፤ «የሰው እንጀራና ትዳር ይፈርሳል።»

ገና ወንበር ስባ ሳትቀመጥ በሩ ተከፍቶ ባስልኤል ገባ።

ባስልኤል በቤተ ክርስቲያናቸው ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመቱ ነው። ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። የኔነሽ በሩን በዓይኗ ለካችው፤ እሱ ግን መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ሳይሽ ሃርት አታክ ሊይዘኝ ነበር» አላት።

«እኔስ ብትል!»

ሳቁ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። እሷ በሕይወቷ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረችው፤ እሱ አልሳቀም።

«እኔ ተቃራኒው ነኝ» አለ። «ሲያመኝ ጭንቅላቴ ዝም ይልልኛል። ለሚስቴ እንኳ ሳልነግራት ሞተችብኝ።»

ሊሄዱ ሲነሱ ኮቱን እየለበሰ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ከአንቺ ጋር ቢሆን ደስ ይለኛል» አላት። «አሁን አትመልሺልኝ፤ ታይም ውሰጂ። የሚመጣው ወር እዚሁ ንገሪኝ። ኖ ካልሽም ኖ ነው።»

የኔነሽ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ መልሷን አውቃለች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። በአውቶቡስ ላይ ብቻዋን ፈገግ ስትል አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ፈራ ብለው ፈቀቅ አሉ።

ነገሩ የተበላሸው የቶሚን ደንብ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ነው። ደንቡ ለካናዳ መልካም ነው፤ እዚህ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሊፍት ውስጥ ጫማውን እያየ ይወርዳል፣ ማንም አይገረምም። ሀበሻ መሀል ግን ሰላምታ የዘለለ ሰው ጉዱን በአደባባይ እንደለጠፈ ይቆጠራል። በመጀመሪያው እሑድ ባስልኤል አንገቱን ደፍቶ አጠገቧ አለፈ፤ እሷም የግድግዳ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች። በሁለተኛው እሑድ መቀመጫ ቀየረች። በሦስተኛው መቅደስ የምትባል የመዘምራን እህት ክርኗን ይዛ፣ «ከባስልኤል ጋር ምን ሆናችሁ?» አለቻት።

«ምንም።»

«ምንም» ያለ ሰው ነገር አለው። መቅደስ በቀጥታ ወደ ጋሽ ኃይለማርያም ሄደች።

ጋሽ ኃይለማርያም የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ እዚህ አገር ያስታረቁት ባልና ሚስት ቁጥር የጠፋባቸው ሰው። የጌታ እራት ሊደርስ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሁለቱን የልጆች ማስተማሪያ ክፍል አስገብተው በሩን ዘጉና በሕፃናት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

«ኩርፊያ ይዞ ለጌታ ማዕድ እጁን የሚዘረጋ ሰው አላይም» አሉ። «ማን ነው የበደለው?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኛ አልተጣላንም» አለች የኔነሽ።

«ልጄ፣ ያልተጣላ ሰው ሰላም ይባባላል።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ጋሽ ኃይለማርያም ግን ኩበቱን ሳያገኙ አይነሱም።

«ሰድቦሽ ነው? ስምሽን አጥፍቶ ነው? ተናገሪ።»

የኔነሽ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ሽማግሌው እንዲህ እየጎረጎሩ ከካፌው ፎቅ እንዳይደርሱ ፈራች። ባስልኤል ጣቶቿን አየ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ» አለ። «የማይገባ ጥያቄ ጠይቄያት ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ቶሎ አነሡ። «በቃ፣ ዝርዝሩ ይቅር። ሚስት የሞተችበት ሰው ይሳሳታል፤ ገብቶኛል። ይቅርታ ጠይቃት። ዳግመኛም እንዲህ ያለውን እንደማትጠይቃት በእግዚአብሔር ፊት ቃል ግባላት።»

ባስልኤል ቀና ብሎ የኔነሽን አያት። እየጠበቃት እንደሆነ ገባት። «አልበደለኝም» ብትል ይበቃል። ግን ቀጥሎ «ታዲያ ምን ጠየቀሽ?» ይመጣል፤ ከበሩ ውጭ መቅደስ አለች፤ ከመቅደስ ጀርባ ሁለት መቶ ሰው አለ፤ ከሁለት መቶው ሌላ የኔነሽ በዚህ አገር ማንም የላትም። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ይቅር በይኝ የኔነሽ» አለ፤ «በእግዚአብሔር ፊት ቃሌ ነው፣ ዳግመኛ አልጠይቅሽም።»

ባስልኤል ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። እሷም ታውቃለች።

«አንቺስ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ባስልኤልን «እሺ» የምትልበትን መልስ ስትለማመድ ነበር፤ አረጋውያኑን ስታጥብ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች።

ተቃቀፉ ተባሉ፤ ተቃቀፉ። ትከሻው ጠንካራ ነበር፤ ሰው እንዲህ ካቀፋት ስንት ዓመቷ! ጋሽ ኃይለማርያም አንድ እጃቸውን በእሷ ራስ፣ ሌላውን በእሱ ራስ ላይ ጭነው በደስታ ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረውን ሁሉ ከሥሩ ነቅለህ ስለጣልህ ተመስገን» አሉ።

የኔነሽ ድምጿ እንዳይሰበር ፈርታ፣ ከሁለቱም ቀድማ «አሜን» አለች።