የእምቢተኞች ሳጥን

ሳጥኑን ያገኘሁት የምሠራበት የሆስፒታል መዝገብ ቤት ሲታደስ ነው። ክዳኑ ላይ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ «እምቢተኞች» ይላል። አለቃዬ «የአባትሽ ነው፣ ውሰጂለት» ሲለኝ እየበረርኩ ቤት ገባሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የልብ ሐኪም ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት «የእንቁላል አስኳል ኮሌስትሮል ያመጣል» ብሎ ታካሚዎቹን ከለከለ፤ የታዘዙለትን ሰዎች ውጤት ብቻ አስልቶም አሳተመ። የእምቢተኞቹንም የደም ኮሌስትሮል በየዓመቱ ይለካ ነበር፤ ካርዳቸውን ግን በንዴት እዚህ ሳጥን ውስጥ ይወረውረዋል። አንድም ቀን ደምሯቸው አያውቅም። እናቴማ ታዛዥ ነበረች፤ አስኳሉን እየለየች ለድመቶቻችን ትወስድ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ክልከላው ይቅር የሚል ወጣት ሐኪም ሊሞግት ተዘጋጅቷል። ንግግሩ ኪሱ ውስጥ ነው።

«እንደምራቸው» አልኩት።

«ምን ሊረባ?»

«ፈራህ እንዴ አባዬ?»

ይቺ ነካችው። መነጽሩን አደረገ፣ የታዛዦቹንም ካርዶች ከመሳቢያው አወጣ። እሱ ያነባል፣ እኔ እደምራለሁ። በሃያኛው ካርድ ድምፁ ፈጠነ፣ በአርባኛው ከወንበሩ ተነሳ። የእምቢተኞቹ አማካይ ከታዛዦቹ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም!

«ጉበት!» ብሎ ጮኸ። «ደም ውስጥ የበዛ ኮሌስትሮል ልብ ይጎዳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን አብዛኛውን የሚሠራው ጉበት ነው እኮ! እኔ ከሳህን ቀጥታ ደም ውስጥ የሚገባ አድርጌ አወራሁ!» ክፍሉን እየዞረ እንደ ልጅ ፈነደቀ።

ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። «መሳቂያ ያደርጉኛል» አለ። ሊዘጋው ነው ብዬ ደነገጥኩ።

እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ለካ ሁሉንም ሰምታለች። ከታዛዦቹ መሃል የራሷን ካርድ መዝዛ እምቢተኞቹ ላይ አስቀመጠችው።

«ድመቶቹ ወተት ብቻ ነበር የሚያገኙት» አለች።

አባቴ ካርዱን አንስቶ አየው። ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ንግግሩን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው፣ ሳጥኑንም ወደ እኔ ገፋው።

«ቶሎ በይ፣ እንደገና ደምሪ» አለኝ። «ስብሰባው ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ነው የማነበው።»